የግራ እግር ጉዳይ

ጋሼ መኪናዋ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት የግራ እግር ጫማቸውን አወለቁ። ሞተር አላስነሱም፤ ቁልፉንም አልጠየቁም። በካልሲያቸው የፍሪሲዮኑን ፔዳል እስከ ወለሉ ረገጡና ቀስ አድርገው ለቀቁት። ደገሙት። በሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የታማሚ ደረት ላይ ጆሮውን እንዳስጠጋ ሐኪም ትንሽ ቆዩ።

«ይሄ ፍሪሲዮን አይደለም» አሉ ሲወርዱ። «የስፖርት ቤት ዕቃ ነው።»

ባለመኪናው ሳቀ፤ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድቶ፣ ልጆቹን ኮሌጅ አስገብቶ ሲያበቃ ለራሱ ብሎ የገዛው ነገር ቢኖር ይህችን የ1969 ሼቭሮሌ ሼቬል ብቻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሯ 396 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.5 ሊትር ነው። ካምቢዮዋ ባለ አራት ማርሽ መንሲ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ከልጆች ብስክሌትና ከጤፍ ከረጢት ጋር ተጣብባ ትኖራለች።

ባለፈው ዓመት የድሮው ፍሪሲዮን መንሸራተት ሲጀምር ይህ ሰው ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረገ። ከሁሉ ጠንካራው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። ካርቶኑ ላይ «ስቴጅ 4» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ስድስት የሴራሚክ ቁራጭ የተለጠፈበት ፍሪሲዮን ገዛ፤ አንድ ጋራዥም ገጠመለት። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሁለት ጠባይ ብቻ ቀራት፤ መቆምና መዝለል። ሰኞ ጠዋት 395 አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ እንደ ኤሊ ሲሳብ ግራ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ፔዳሉን በለቀቀ ቁጥር መኪናዋ እንዳልተገራ በቅሎ ትወራጫለች። ሚስቱ ሁለት ጊዜ ተሳፍራ በሦስተኛው «እኔ በባቡር እሄዳለሁ» አለችው።

ስለ «ስቴጅ» አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ቁጥሩ የኢንዱስትሪ መለኪያ አይደለም። የአንዱ ኩባንያ «2» የሌላው «3» ሊሆን ይችላል። እንደ በርበሬ ነው፤ «የሚያቃጥል» ተብሎ ይሸጣል፣ የማን ምላስ እንደሆነ ግን ማንም አይነግርህም።

ለነገሩ የፍሪሲዮን ምስጢር ያለው ስሙ ላይ ነው። መካኒኮቻችን ከጣሊያን የወረሱት ቃል ነው፤ እንደ ካምቢዮ፣ እንደ ኩሽኔታ፣ እንደ ቡሎን። በጣሊያንኛ ፍቺው ሰበቃ ማለት ነው። ሞተሩ ጫፍ ላይ ከባድ የብረት ክብ አለ፤ ፍላይዊል። ከሱ ፊት ለፊት ፕሬዠር ፕሌት የሚባል በሞላ የሚገፋ ሌላ ክብ አለ። በሁለቱ መካከል፣ በሁለት ምጣድ መሀል እንደተያዘ ቂጣ፣ በሁለት ፊቱ ሸራ የተለበጠው ዲስክ ይቀመጣል። ዲስኩ የታሰረው ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ነው። ፔዳሉን ስትለቅ ሞላው ያጣብቃቸዋል፤ ሦስቱ አንድ ሆነው ይዞራሉ። ስትረግጥ ሞላው ይላላል፤ ሞተሩ ለብቻው፣ ጎማው ለብቻው ይሆናል። በመርገጥና በመልቀቅ መካከል ያለችው ያቺ ግማሽ ሴኮንድ ግን ከሁሉም ትበልጣለች። እዚያች ላይ ሸራው እየተንሸራተተ ነው፤ መንሸራተቱም ጥፋት ሳይሆን ሥራው ነው። የቆመች መኪና በሰላም የምትንቀሳቀሰው በዚያች መንሸራተት ነው።

ጋሼ የተማሩት አዲስ አበባ ውስጥ በፊያት ነው። ሰይቼንቶ ታክሲዎች ከፒያሳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ሾፌሮቹ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ያንጠለጥሏቸው ነበር። «የተቃጠለ ሸራ ሽታ ለኔ የልጅነት ሽታ ነው» ይላሉ። አሜሪካ መጥተው ለአሠርት ዓመታት በሙያው ሠርተዋል፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚወዷቸው ሰዎች ብቻ ይሠራሉ። ክፍያቸው ምሳ ነው።

እኔ የተጠራሁት ካምቢዮውን ከታች ለመደገፍ ነው። አልዋሽም፣ ጉልበት ተፈልጎ እንጂ ዕውቀት ተፈልጎ አይደለም።

መኪናዋ ከመነሳቷ በፊት ጋሼ ከጤፉ ከረጢት አጠገብ ካርቶን አነሱና እርሳስ ጠየቁ። ምርጫው እዚያ ካርቶን ላይ ነው ያለቀው።

ፋብሪካው ለዚህ ሞተር 325 የፈረስ ጉልበትና 410 ፉት-ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 556 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ጽፎለታል። በነገራችን ላይ ያ ዘመን ቁጥር የሚያብጥበት ዘመን ነበር። ነገሩ የተጧጧፈው በ1964 ነው፤ ፖንቲያክ መካከለኛዋ ቴምፔስት ውስጥ የትልቅ መኪና ሞተር፣ 389 ኪዩቢክ ኢንቹን፣ ከቶ ጂቲኦ ብሎ ሸጠ። የእናት ኩባንያው የጄኔራል ሞተርስ የራሱ ደንብ ለዚያ መጠን መኪና ከ330 እንዳያልፍ ይከለክል ነበር፤ የፖንቲያክ መሐንዲሶቹ እነ ጆን ደሎሪያን ግን እንደ ተጨማሪ ዕቃ አስመዝግበው አሳለፉት። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ተከተሉ። ጉልበቱም የሚለካው ሞተሩ ብቻውን መፈተሻ ላይ ቆሞ፣ ያለ ሙሉ ጭስ ማውጫና ያለ ተጨማሪ ጫና ነበር። በ1972 አሜሪካኖቹ መኪናው ላይ እንደተገጠመ መለካት ሲጀምሩ ቁጥሮቹ በአንድ ሌሊት ወረዱ። ስለዚህ 556ቱ ጣሪያው ነው፤ ከዚያ በላይ አይመጣም።

«አሁን ፍሪሲዮኑ ምን ያህል ይይዛል?» አሉ ጋሼ፣ አስተማሪ ሆነው። የሞላው ግፊት፣ ሲባዛ የሸራው የሰበቃ መጠን፣ ሲባዛ ከመሀሉ እስከ ሸራው አማካይ ርቀት፣ ሲባዛ የፊቶቹ ብዛት። 11 ኢንች ስፋት ያለው ተራ ሸራ ወሰዱ፤ የዛሬው ተራ ሸራ፣ ኦርጋኒክ የሚባለው። አማካይ ርቀቱ 11 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሰበቃው 0.3 ያህል። ግፊቱ 11,000 ኒውተን፤ ከአንድ ቶን ትንሽ የሚበልጥ ሸክም እንደማለት ነው። ፊቱ ሁለት። ካርቶኑ ላይ የወጣው 726 ኒውተን ሜትር ነው።

ባለመኪናው ሁለቱን ቁጥሮች አየ። 556 እና 726። «ሠላሳ በመቶ ይተርፋል» አለ በዝግታ።

«ታዲያ ሴራሚኩን ምን ፈርተህ ነው የገዛኸው?»

መልስ አልነበረውም። እኔም ሳስበው፣ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛው ለሞተሩ ሳይሆን ለፍርሃቱ ይመስለኛል። ሴራሚክ መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም። ሰበቃው ከተራው ሸራ ከፍ ይላል፤ ሙቀት ይችላል፤ የውድድር ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ለሚወረወር መኪና የተሠራ ነው። ችግሩ ያቺን ግማሽ ሴኮንድ መብላቱ ነው። ይነክሳል ወይም ይለቃል፤ መሀል የለውም። ፍላይዊሉንም ቶሎ ይልጋል። ፔዳሉን ያከበደው ደግሞ ሌላ ነው፤ ከሴራሚኩ ጋር አብሮ የመጣው ፕሬዠር ፕሌት። ሞላው በጠነከረ ቁጥር የምትደክመው እሱን የምትገፋው ግራ እግር ነች።

ሌላም አለ፤ ጋሼ ይህንን ሲሉ እርሳሱን አስቀምጠው ነው የተናገሩት። የማይንሸራተት ፍሪሲዮን ድንገተኛውን ምት አያጠፋውም፣ ወደ ኋላ ያሳልፈዋል። መጀመሪያ ካምቢዮው ያገኘዋል፣ ቀጥሎ ክሮቼራው፣ ቀጥሎ ዲፈረንሻሉ። «ሸራ በአንድ ቅዳሜ ይቀየራል። የመንሲ ማርሽ ግን ከየት ታመጣለህ? ሶማሌ ተራ?»

ባለ ሁለት ሸራ ፍሪሲዮንም ተነሥቶ ነበር። ሁለት ዲስክ ሲሆን የሚሰበቁት ፊቶች አራት ይሆናሉ፤ ስለዚህ በለስላሳ ሞላም ብዙ ይይዛል። ለ600 እና ለ700 ፈረስ ጉልበት ለመንገድ መኪና ከዚያ የተሻለ ነገር አላውቅም። ዋጋው ግን የአንድ ሸራውን ብዙ እጥፍ ነው፤ ለዚህ ሞተርም ሰርግ ጠርቶ አንድ ሰው እንደማብላት ነው። ውሳኔው 11 ኢንች ኦርጋኒክ ሸራ፣ ባለ ዳያፍራም ሞላ ፕሬዠር ፕሌት ሆነ። ዳያፍራም ማለት ጣቶቹ ወደ መሀል የተሰበሰቡ፣ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ አንድ ወጥ ሞላ ነው። በዚያ ዘመን ክራይስለር ቦርግ ኤንድ ቤክ የሚባለውን ባለ ሦስት ጣት፣ ፎርድ ደግሞ ሎንግ የሚባለውን ይወድ ነበር፤ ሼቭሮሌ ዳያፍራሙን። ለእግር የሚለሰልሰውም እሱ ነው።

መኪናዋ በክሪክ ተነሣች፤ ከዚያ በአራት መቆሚያ ብረት ላይ ተደላደለች። ጋሼ በሁለት እጃቸው ገፍተው ካላዩ በስተቀር ማንንም ከሥር አያስገቡም። የባትሪው ኔጌቲቭ ወለቀ። ወደ ኋላ ጎማ የሚዘረጋው ዘንግ በነጭ ቀለም ምልክት ተደርጎበት ወረደ፤ ሲመለስ በነበረበት እንዲመለስ። የማርሽ ማንሻው ዘንጎች፣ የፍጥነት መለኪያው ገመድ፣ የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦ ተራ በተራ ወለቁ። ከዚያ መንሲው መጣ። አልሙኒየም ነው ብለው አታለሉኝ እንጂ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፤ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ለአፍታ እናቴን አስታወስኩ።

ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነው ቤልሃውዚንግ ሲከፈት ጥቁር ዱቄት ታየ። እኔ የአየር ቱቦውን አነሣሁ። ጋሼ እጄን ያዙ። የተቆጡት ግን እኔን አልነበረም።

«እኛ አዲስ አበባ ሁሌም በአየር ነበር የምንነፋው። ማን ነግሮን! አብረውኝ የተማሩትን ልጆች ስማቸውን ልዘርዝርልህ?»

አልዘረዘሩም። የድሮ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ሕመሙ የሚገለጠው ከአሠርት ዓመታት በኋላ ነው። ይህች መኪና ላይ የነበረው ሸራ አዲስ ነው፤ ግን ሃምሳ ዓመት ያለፋት መኪና ጥግ ላይ የማን ዘመን ዱቄት እንደተከማቸ በዓይን አይለይም። ጋሼ ጭምብል አድርገው በሳሙና ውኃ አረጠቡት፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ ጨርቁን በፕላስቲክ አሥረው ጣሉት። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚያነብ መካኒክ ካለ፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ይህችን አንቀጽ ብቻ ቢይዝልኝ ይበቃኛል።

ፕሬዠር ፕሌቱ ሲወርድ ፍላይዊሉ ፊት ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ነበሩ፤ ብረት ሲቃጠል የሚያወጣው ቀለም። ቶርኖ ቤት ተልኮ ተላገ፤ እንደ መስተዋት ሆኖ ተመለሰ። ባለመኪናው «አዲስ ብገዛስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። መግዛት ይቻላል፤ ግን የዚህ ቤተሰብ ሞተሮች ወጥመድ አላቸው። 396ቱ በራሱ ውስጥ ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ታላቅ ወንድሙ 454 ደግሞ ሚዛኑን የሚጠብቀው ከውጭ፣ ሆን ተብሎ አንድ ጎኑ ከባድ በተደረገ ፍላይዊል ነው። በመልክ መንታ ናቸው። የ454ቱን 396 ላይ ብትገጥም ቡሎኑ ሁሉ ይገባል፤ መኪናዋ ግን እስክትፈታታ ትንቀጠቀጣለች።

ከዚያ የቀኑ ረጅሙ ሥራ መጣ፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የማይሠራበት ሰዓት። ጋሼ ፍላይዊሉን መልሰው በቶርክ መፍቻ ካሠሩ በኋላ ቤልሃውዚንጉን ባዶውን ገጠሙት። ሰዓት የሚመስል መለኪያ ፍላይዊሉ ላይ አሠሩና መርፌውን ካምቢዮው የሚገባበት ክብ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። እኔ ሞተሩን በእጅ ቀስ እያልኩ አዞራለሁ፤ እሳቸው መርፌውን ያያሉ። ቀዳዳው ከሞተሩ እምብርት ጋር ፍጹም ልክ ከሆነ መርፌው አይንቀሳቀስም።

ተንቀሳቀሰ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.016 ኢንች። ግማሹ 0.008 ነው፤ ቀዳዳው ከመሀል የሸሸው ያን ያህል፣ 0.2 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። መርፌው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሄድ የሚፈቀደው 0.005 ነው።

«ሁለት ፀጉር» አልኩ፣ ለማቃለል።

«ሁለት ፀጉር ዓይንህ ውስጥ ቢገባስ?»

ያ ቤልሃውዚንግ የመኪናዋ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ከቀደሙት ባለቤቶች አንዱ ቀይሮታል። የካምቢዮው ዘንግ በሁለት በኩል ይያዛል፤ ጫፉ ሞተሩ መሀል ያለች ትንሽ ቡሽ ውስጥ፣ ወገቡ ካምቢዮው ውስጥ ባለ ኩሽኔታ። ሁለቱ በአንድ መስመር ካልሆኑ ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር ይጎብጣል። ቡሹ ያልቃል፣ ሸራው አልለቅ ይላል፣ ማርሽ ይንጫጫል፤ ሰውየው ግን ፍሪሲዮኑን ይረግማል። ያለፈው ዓመት ገጣሚ ይህን አልለካም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማዕከሉ የሸሸ ፒን አለ፤ ቤልሃውዚንጉ ሞተሩ ላይ የሚሰካበት። ጋሼ የ0.007ቱን ጥንድ ገጥመው፣ አዙረው፣ እንደገና ለኩ። መርፌው 0.003 ላይ ቆመ። ሁለት ሰዓት ፈጅቷል። ምሳችን ቀዝቅዟል።

ክትፎው ላይ ሆነን ባለመኪናው ቤልሃውዚንጉን ወፍራም ብረት ስለማድረግ ጠየቀ። የውድድር ሰዎች የሚያደርጉት ነው፤ ፈጣን ለሆኑት መኪኖችም ደንብ ያስገድዳል። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። 14 ኢንች ፍላይዊል በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ የሚበረውም ከሾፌሩ እግር ፊት ለፊት ነው። በማርች 1970 ሎንግ ቢች፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዶን ጋርሊትስ የተባለው ስመ ጥር ተወዳዳሪ መኪናው ሲነሣ ካምቢዮው ፈነዳና የቀኝ እግሩን ፊት ቆረጠው። ሆስፒታል ተኝቶ ሞተሩ ከኋላው የሚሆንበትን መኪና አሰበ፤ በተከታዩ ዓመት ሠርቶ አሸነፈበት፤ ስፖርቱም ሁሉ ተከተለው። የኛ ሰው ግን የሚወዳደረው ከ395 ትራፊክ ጋር ነው። አልሙኒየሙ ቤልሃውዚንግ እንዳለ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ መግጠም ተጀመረ፤ ከመፍታት ይቀልላል፣ ስህተቱ ግን ይበዛል። ዲስኩ ፊትና ጀርባ አለው። የመሀሉ ትናንሽ ሞላዎች ያሉበት ጎን ወደ ካምቢዮ ይዞራል፤ በተቃራኒው ከተገጠመ ፍላይዊሉን ይመታል፣ መኪናዋም ማርሽ አልቀበል ትላለች። የመሀሉ ጥርስም መቆጠር አለበት። መንሲ እስከ 1970 ገደማ ዘንጉ 10 ጥርስ ነበር፤ በኋላ 26 ሆነ፤ ውፍረቱ ግን አንድ ነው። ጋሼ በጣታቸው ጫፍ ቆጠሩ፣ ለባለመኪናውም ሰጥተው አስቆጠሩት። አሥር። ጥርሱ ላይ ግራሶ ቀቡ፤ ከዚያ የቀቡትን መልሰው በጨርቅ ጠረጉት። የተረፈው ግራሶ ሲዞር ተረጭቶ ሸራው ላይ ያርፋል፤ በግራሶ የተነካ ሸራ ደግሞ አዲስም ቢሆን ያው የተጣለ ነው።

የፕሬዠር ፕሌቱ ስድስት ቡሎኖች በመስቀለኛ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባሉ ተጠበቁ፤ መጨረሻ ላይ 35 ፉት-ፓውንድ። አንዱን ወገን ቀድመህ ብታጠብቅ ሳህኑ ይጣመማል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሞላውን ጣቶች የሚገፋው ኩሽኔታም ሁለት ዓይነት ቁመት አለው። ጣቶቹ ወደ ውጭ ለወጡ ዳያፍራም አጭሩ፣ ለጠፍጣፋ ረጅሙ። ያለፈው ዓመት ሳጥን ውስጥ የነበረውን ጋሼ ከአዲሱ አጠገብ አቆሙት፣ ምንም ሳይናገሩ ወደ ቆሻሻው ወረወሩት።

በዚህ መኪና ላይ ፔዳሉና ፍሪሲዮኑ የሚገናኙት በዘይት ሳይሆን በዘንጎች ነው። መሀል ላይ ዜድ ባር የሚባለው አለ፤ አንድ ጫፉ ሻሲው ላይ፣ ሌላው ሞተሩ ላይ። ስለዚህ ሞተሩ የተቀመጠበት የጎማ መያዣ ከተቀደደና ሞተሩ ከተነሣ ፍሪሲዮኑም አብሮ ይዛባል። ተረት አይደለም፤ በዲሴምበር 1971 ጄኔራል ሞተርስ 6.7 ሚሊዮን ያህል ሼቭሮሌዎችን የጠራው በዚሁ በሞተር መያዣ ምክንያት ነው፤ የሰጠውም መፍትሔ ሞተሩን የሚገታ ገመድ ነበር። ጋሼ መያዣዎቹን በብረት ዘንግ ሰቅስቀው ፈተኑ። ጤነኛ ናቸው። ከዚያ የፔዳሉን ነፃ ጉዞ፣ ምንም ሳይነካ የሚወርደውን፣ ወደ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል አስተካከሉ። ነፃ ጉዞ ከሌለ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ጣቶቹ ላይ ተደግፎ ይዞራል፤ ያልቃል።

ሲመሽ ጫማቸውን አወለቁ። አንዴ ብቻ ረገጡ።

«ና» አሉት።

ባለመኪናው ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። የጤፉ ከረጢት ተንቀጠቀጠ። አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ፔዳሉን ለቀቀ፤ ሼቬሏ ከጋራዡ ሳትዘል፣ ቤንዚን ሳይረገጥ፣ እየተንሸራተተች ወጣች። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞረን ተመለስን። ጋሼ ዳሽቦርዱ ላይ ነጭ ቴፕ ለጥፈው የማይል ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉበት፤ ከሥሩ «500» ብለው አሠመሩ። እስከዚያ ድረስ ከተማ ውስጥ ብቻ፣ ቆም ሄድ እያሉ። ሸራውና ብረቱ ገና መተዋወቃቸው ነው፤ አሁን ቢያቃጥላቸው ፊቱ እንደ ብርጭቆ ይሆንና ለዘለዓለም ይንሸራተታል።

ሐሙስ ማታ እኔና ጋሼ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ላይ ሳለን ስልካቸው ጮኸ። ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ጋሼ፣ 395 ላይ ነኝ፤ ተዘግቷል፤ ግማሽ ሰዓት ሆነኝ።»

«እግርህስ?»

«የቱ?» አለ።

ጋሼ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ። «ስንት ማይል ሞላህ?»

«212።»

«በል ስልኩን ዝጋ፤ ማርሽ የምትቀይርበት እጅ ነው።»